ግርግሩን ማን ፈጠረው?
ስለ መናኸሪያ ስርቆት እዚህ የተጻፈው «ተሳፋሪው ቦርሳውን አጥብቆ ከያዘ ስርቆቱ ይቀንሳል» የሚለው ምክር አልተዋጠልኝም። ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ በር ላይ ጠዋት የቆመ ሰው ያውቀዋል። ገና ከባጃጅ ሳትወርድ አንዱ ሻንጣህን፣ ሌላው ክንድህን ይዞ «ባሕር ዳር! አንድ ሰው የቀረው!» እያለ ይጎትትሃል። ስትደርስ መኪናው ባዶ ነው። በዚያ ግፊያ መሀል ስልክህ ቢወሰድ በምን ታውቃለህ? ኪስ አውላቂ የሚፈልገው ግርግር ነው፤ ግርግሩን የሚፈጥሩት ደግሞ ደላሎቹ ናቸው። እና ለምን ተሳፋሪው ብቻ ይመከራል? ተራ አስከባሪው የት ሄዶ ነው? ከላይ በአስተያየትህ «መናኸሪያ ውስጥ ወረፋ ከምጠብቅ ከውጭ ብሳፈር ይሻለኛል» ያልከው ወንድሜ፣ ችኮላህ ይገባኛል። ግን መንገድ ዳር የጫነህ ሚኒባስ ፍኖተ ሰላም ወይ ቡሬ ላይ «ከዚህ አላልፍም» ቢልህ ለማን አቤት ትላለህ? እኔን አንዱ ደንበጫ ላይ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ አውርዶኛል። ሒሳቤንም አልመለሰም። ታርጋውን እንኳ አላየሁትም ነበር። ወንድ ሆኜ እንዲህ ከፈራሁ ብቻዋን ያለች ሴት ምን ትሁን? በዚህ የእገታ ወሬ በበዛበት ጊዜ ደግሞ ጨለማ መንገድ ላይ መቅረት ቀልድ አይደለም። እህቴ አሁን ከመሳፈሯ በፊት የታርጋውን ፎቶ ትልክልኛለች። ረዳቱ ሲያያት ፊቱን ያጠቁራል አሉ፤ ያጥቁር! ሌላው ደግሞ ጣራ ላይ የሚጫን ሻንጣ ነው። መኪናው ሰው ሊያወርድ በቆመ ቁጥር ከመስኮት ብቅ ብላችሁ ማን ምን እንደሚያወርድ እዩ። የእናንተን የሚመስል ጥቁር ሻንጣ የያዘ ሰው መቼም አይጠፋም።