እርማት፦ ላም የሚያልበውም ሠራተኛ ነው
ወንድሜ፣ «በወተት ከብት እርባታ የሚሠራ ሰው የጽሑፍ ውል ከሌለው የሠራተኛ መብት የለውም» ያልከው ስህተት ነው፤ ብዙ ሰው ግን እንደዚያ ያምናል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የቃል ውልንም ይቀበላል። እንዲያውም ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ዝርዝሩን ጽፎ፣ ፈርሞ መስጠት አለበት። አልሰጠም ተብሎ ሠራተኛው መብቱን አያጣም።

ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስቶ፣ የላሟን ጡት በሙቅ ውሃ አጥቦ የሚያልብ፣ እበት የሚዝቅ፣ ወተቱን ለሽያጭ የሚቀዳ ወጣት የሚሠራው በአሠሪው ትእዛዝ ነው። ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎቱ 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ ይገባዋል!

የሚለየው ላሟ ለቤት ፍጆታ ብቻ ስትሆን ነው፤ ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት በአዋጁ አይሸፈንም። ይህ ክፍተት በጣም ያሳዝነኛል።