ሳሎኑ ይቺው ናት?

ባለፈው ቅዳሜ ቡና ላይ የደረሰብኝን ነገር እስካሁን አልረሳሁትም፤ ልረሳውም አልፈልግም። ከብዙ ዓመት የማኅበር መዋጮና ከብዙ ዓመት ተስፋ በኋላ እዚሁ ደሴ ውስጥ የ150 ካሬ ሜትር ቦታ ደርሶኝ፣ ንድፍ የሚሠራልኝ ወጣት የመጀመሪያውን ረቂቅ ከሦስት ሳምንት በፊት አምጥቶልኝ ነበር። እኔም ቤት በገባ ሰው ሁሉ እንዲታይልኝ ሆን ብዬ ረከቦቱ አጠገብ ዘርግቼዋለሁ። አቦሉ ተጠጥቶ፣ የአድሩሱ ጭስ ቤቱን ሞልቶት፣ ወሬው ከሽንኩርት ዋጋ ወደ ልጆች ፈተና በመሻገር ላይ ሳለ፣ ጎረቤታችን ሐጅያ መነጽራቸውን አውጥተው ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች ተመለከቱት። ከዚያም የታመመ ሰው በሚጠየቅበት ለስላሳ ድምፅ፣ «ኧረ መምህር፣ ሳሎኑ ይቺው ናት?» አሉኝ።

ሠላሳ ዓመት አማርኛ ያስተማርኩ ሰው ስለሆንኩ ከንግግራቸው ሁሉ ያቆሰለችኝ ያቺ ትንሽ «ው» ናት። «ሳሎኑ ይቺ ናት?» ቢሉኝ ኖሮ ጥያቄ ነበር፤ «አዎን፣ ይቺ ናት» ብዬ ቡናዬን እጠጣ ነበር። «ይቺው» ሲሉ ግን ጥያቄው ፍርድ ሆነ። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ረቂቁን ሦስት ሳምንት ሙሉ ስታየው አንዳች ቃል ያልተነፈሰችው ባለቤቴ፣ ቶናውን እየቀዳች «እኔስ ብዬው ነበር» ማለቷ ነው። አላለችም። በፈለጋችሁት መጽሐፍ እምላለሁ፣ አላለችም።

እንግዲህ በቤታችን የምንኖረው ሦስት ሰዎች ነን፤ የመጨረሻዋ ልጃችን ትምህርቷን ጨርሳ በሚመጣው ዓመት ስትወጣ ደግሞ ሁለት እንቀራለን። በረቂቁ ላይ ሳሎኑ 4 በ4፣ ማለትም 16 ካሬ ሜትር ነው፤ ባለቤቴ ከቅዳሜ ወዲህ የምትጠይቀው 5 በ6 ነው፣ ይህም 30 ካሬ ሜትር ይሆናል። የጋራ መኖሪያ ቤቶች በየከተማው መሠራት ሲጀምሩ ስቱዲዮ የሚባለው ከ20 ካሬ ሜትር በታች፣ ባለ አንድ መኝታው ደግሞ ከ20 እስከ 30 ካሬ ሜትር ሆኖ ነበር የታቀደው። ስለዚህ ባለቤቴ የጠየቀችው ሳሎን ብቻውን፣ ከነማብሰያው፣ ከነመጸዳጃው፣ ከነመኝታው አንድ ሙሉ ቤት ነው ማለት ነው። በዚያ ስፋት ሌሎች ሰዎች ተጋብተው፣ ልጅ ወልደው፣ ተጣልተውና ታርቀው ይኖሩበታል፤ በእኛ ቤት ግን ሶፋና ቡፌ ሊኖሩበት ነው።

ሳሎን ስል ምን ማለቴ እንደሆነ የወሎ አንባቢ አያጣውም። ሶፋው ከተገዛበት ቀን ጀምሮ ከነላስቲኩ የተቀመጠበት፣ ቡፌው ውስጥ ከሠርጋችን ዕለት ወዲህ ውኃ ያልነካቸው ሃያ አራት ብርጭቆዎች የተደረደሩበት፣ በቅርቡ ደግሞ በአንዱ ጥግ የዓረብ መጅሊስ የተጨመረበትና በሩ በቁልፍ የሚዘጋ ክፍል ማለቴ ነው። ባለቤቶቹ ከማድ ቤቱ ደጃፍ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ በላስቲክ ኩባያ ውኃ እየጠጡ፣ ከሰል ምድጃቸውን ከበው ይኖራሉ። በነገራችን ላይ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች፣ ከጦሳ ሥር የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ብርዷን የማያውቅ የለም። በዚህ አገር ሰፊ ክፍል መሥራት ብርዱን ራሱን ጠርቶ ሶፋ ላይ ማስቀመጥ ነው።

ሰፊ አዳራሽ መውደዳችን ከየት እንደመጣ አውቃለሁ፤ ከላይ፣ ከቤተ መንግሥቱ ነው። በ1906 ዓ.ም. የወሎና የትግራይ ንጉሥ ተብለው የነገሡት ንጉሥ ሚካኤል ደሴ ላይ ያሠሩት የግብር አዳራሽ አይጠየፍ ይባላል፤ ከደጁ የደረሰውን ሁሉ ሳይንቅ ያስገባል ሲባል የወጣለት ስም ነው። እንዲህ ያለ አዳራሽ ምክንያት አለው፤ የሚበላ ጭፍራ፣ የሚቀዳ ጠጅ፣ ከደጅ የሚጠብቅ ሕዝብ አለው። እኛ ግን አዳራሹን ቀድተን ግብሩን ተውነው። ለእኛ ሳሎኖች ስም የሚያወጣ ቢገኝ ኖሮ «ይጠየፋል» ነበር መባል የሚገባቸው፤ ጭቃ የነካው እግር ይጠየፋሉ፣ ሕፃን ይጠየፋሉ፣ የሽሮ ሽታ ይጠየፋሉ፣ ከሁሉም በላይ ባለቤታቸውን ይጠየፋሉ።

እዚህ ላይ ኮምቦልቻ የሚኖረውን የእናቴን አጎት ልጅ ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። ነገሩ ከሆነ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ ባለቤቴም «አሁንም አልለቀቀህም?» ትለኛለች፤ አዎን፣ አልለቀቀኝም። ከደሴ ቁልቁል 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወርጄ ጉዳዬን ስፈጽም መሽቶብኝ፣ ዝናቡ አላስወጣ ብሎኝ፣ የመጨረሻው ታክሲም አምልጦኝ ቤቱ ሄድኩ። ቤቱ ስድስት ክፍል ነበረው፤ ነዋሪዎቹ ባልና ሚስት ብቻ ነበሩ። ሳሎኑ ውስጥ እንዳልተኛ ምንጣፉ አዲስ ነበር። የእንግዳ መኝታ ቤት እያለው እዚያም እንዳልተኛ፣ አልጋው «ለውጭ እንግዳ» የተነጠፈ ነበር። እኔ የደሴ እንግዳ ስለሆንኩ ዕቃ ቤት ውስጥ፣ በሁለት ጆንያ ማሽላና ጎማው በወለቀ ብስክሌት መካከል፣ በስፖንጅ ላይ አደርኩ። ጠዋት ሲሸኘኝ «ቤት ለእንግዳ ነው እኮ፣ ምነው ብትሰነብት» አለኝ። ያ የውጭ እንግዳ እስካሁን አልመጣም። በየጊዜው አጠያይቃለሁ።

ስለ እንግዳ ከተነሣ ደግሞ ከምሳሌያዊ አነጋገሮቻችን ሁሉ አብልጬ የምወደው «ሆድ ካገር ይሰፋል» የሚለው ነው። ትርጉሙ ሰው ክፉውንም ደጉንም ችሎ፣ ምሥጢርንም ይዞ የማደር ዐቅሙ ወሰን የለውም ማለት እንደሆነ ለተማሪዎቼ ስንት ዓመት አስተምሬዋለሁ። አያቴ ግን ሐይቅ አጠገብ በነበረው ቤታቸው ይህን አባባል የሚጠቀሙበት ለመኝታ ነበር። የገበያ ዕለት ከየገጠሩ የመጣው ዘመድ መሽቶበት ሲያድር፣ ቁርበቱን ዘርግተው፣ ቀን መቀመጫ የነበረውን መደብ አልጋ አድርገው «ተጠጉ፣ ተጠጉ፣ ሆድ ካገር ይሰፋል!» እያሉ ሰውን እንደ እንጨት ይከምሩት ነበር። እኛ ስምንት ነን፤ እንግዳው አራትም አምስትም ይሆናል፤ ቤቱ ግን ቤቱ ነው። ያኔ ካሬ ሜትር የሚባል ነገር ስላልነበረ ሰው ስለ ቤት ሲጠይቅ «ስንት ቆርቆሮ ነው?» ይል ነበር፤ የአያቴም ቤት የ40 ቆርቆሮ ቤት ይባል ነበር። ከዚህም እንደምትረዱት የዛሬው «ስንት ካሬ ነው?» የትናንቱ «ስንት ቆርቆሮ ነው?» የልጅ ልጅ ነው፤ አመሉን ሐጅያ አልጀመሩትም።

ይህን ስል ያ ዘመን ይመለስልኝ እያልኩ አይደለም። ሌሊት ለሽንት የሚወጣ ሰው አምስት ሰው ረግጦ ነበር የሚወጣው፤ ሲመለስም ሌሎቹን አምስት ይረግጥ ነበር። ጠባብ ቤት ፍቅር ያበዛል የሚሉኝን ሰዎች አላምናቸውም፤ ጠባብ ቤት ሲያበዛ ያየሁት የጎን ክርን ነው። ሰው ቢያንስ ቂሙን ለብቻው የሚያብሰለስልበት አንድ በር ያስፈልገዋል፤ ለዚህም እኔ ራሴ ምስክር ነኝ። ጥያቄው ከአንዱ በር በኋላ ያሉት በሮች ለማን ናቸው የሚለው ነው።

ይህንን ልክ መንግሥት አንድ ጊዜ ሊነግረን ሞክሮ ነበር። ሐምሌ 1967 ዓ.ም. በወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ለአንድ ቤተሰብ የተፈቀደው አንድ መኖሪያ ቤትና ከ500 ካሬ ሜትር ያልበለጠ ቦታ ብቻ ነበር፤ የቀረው ቤት «ትርፍ» ተብሎ ተወረሰ፣ ወርኃዊ ኪራዩ እስከ 100 ብር የሆነውም ወደ ቀበሌ ገባ። እናትና አባቴ እንኳን ትርፍ ቤት ትርፍ ወንበር ስላልነበራቸው አዋጁ አልነካቸውም። ሆኖም እናቴ ከዚያ ወዲህ ፋይል የያዘ ሰው በበራችን ባለፈ ቁጥር «ይቺ ትርፍ አይደለችም፣ ጓዳ ናት» ማለት ልማዳቸው ሆኖ ቀረ። አዋጁ የትርፍ ቤትን ልክ ነገረን፤ የትርፍ ክፍልን ልክ ግን የነገረን የለም። ሰዉም ሁለተኛ ቤት መሥራት ሲከለከል፣ ትርፉን ሁሉ አንዱ ቤት ውስጥ ማስገባት የጀመረ ይመስለኛል።

አሁን ቀልዱን ትንሽ ልተወው። ከቤታችን ብዙም ሳይርቅ አንድ ባለ አምስት መኝታ ቤት አለ። የሠራችው ጂዳ በቤት ሠራተኝነት የምትኖር የጎረቤታችን ልጅ ናት። እናቷና ትንሽ ልጇ የሚኖሩት ግን ከጀርባ ባለችው ሰርቪስ ውስጥ ነው፤ ትልቁ ቤት በዓል ሲመጣ ለመጥረግ ካልሆነ አይከፈትም። «ለምን አይገቡበትም?» ብዬ እናትየውን ብጠይቃቸው፣ «እሷ ሳትገባበት እኔ ላቆሽሸው?» አሉኝ። ልጅቱ የምታድረው ከአሠሪዋ ማድ ቤት አጠገብ ባለች አንድ አልጋ ብቻ በምትችል ክፍል ውስጥ እንደሆነ እናቷ ራሳቸው ነግረውኛል። እዚህ አምስት ባዶ መኝታ ቤት አላት፤ እዚያ ሻንጣዋን የምታስቀምጠው ከአልጋው ሥር ነው። ሲጀመር ቤቱ የታቀደው ባለ ሁለት መኝታ ነበር። መሠረቱ ሲወጣ እኛ ጎረቤቶቿ በተራ በተራ እየሄድን ጎበኘነው። ምን እንዳልን ታውቃላችሁ? «ይቺው ናት?» አልን። እናትየው ይህንኑ በስልክ ነገሯት፤ ልጅቱም ልትመለስ አንድ ዓመት ሲቀራት ውሏን አደሰች፤ አንድ ጊዜ ብቻም አይደለም። እኔም ከጎብኚዎቹ አንዱ ነበርኩ፤ ቃሉን ማለቴን አላስታውስም፣ አለማለቴንም አላስታውስም። ለዚህ ነው ቅዳሜ ዕለት ያቺ «ው» እንደዚያ የወጋችኝ።

ወደ ባለቤቴ ክርክር ልመለስ። የመጨረሻ መሣሪያዋ ሞት ነው። «ከሁለት አንዳችን ብንሞት ሰው የት ይቀመጣል?» ትላለች። ይህን ስትል ዕድሜ ልካችንን ለቅሬ፣ ማለትም ለዕድራችን፣ የምንከፍለውን መዋጮ የረሳችው ትመስላለች። የሰፈራችን ቅሬ ድንኳን አለው፤ አግዳሚ ወንበር አለው፤ ትልልቅ ድስትና የሻይ ጀበና አለው፤ ለቀስተኛው ሦስት ቀን የሚቀመጠው ደጅ፣ ድንኳኑ ውስጥ ነው። ለልጃችን ሠርግም ቢሆን ዳስ ይጣላል እንጂ አምስት መቶ ሰው ሳሎን ውስጥ የሚያስገባ የለም። ስለዚህ ብዙ ሰው ሲመጣ ሳሎኑ አይበቃም፤ ጥቂት ሰው ሲመጣ ደግሞ፣ ቅዳሜ እንዳያችሁት፣ ሁሉም ረከቦቱ አጠገብ ነው የሚሰበሰበው። ይህን አስረዝሜ ሳስረዳት በጸጥታ አዳመጠችኝ፤ አሸነፍኩ ብዬ ዝም ስል፣ «እሺ፣ የኮምቦልቻው ዘመድህ መጥቶ ቢያየውስ?» አለችኝ።

መልስ አላጣሁም፤ ነገር ግን ወዲያው አልመለስኩም። ያ ሰውዬ በሩ ላይ ቆሞ፣ አንገቱን ወደ ውስጥ አስገብቶ፣ «ይቺው ናት?» ሲል በዐይኔ ታየኝ። ንድፍ የሚሠራው ልጅ ትናንት ደውሎ «ጋሼ፣ ማክሰኞ ማስገባት ስላለብን ሳሎኑን ቁርጡን ይንገሩኝ» ሲለኝም 4 በ5 ማለት አንደበቴ ላይ መጥቶ ነበር፤ እንዴት እንደመጣ አላውቅም። «ማታ እደውልልሃለሁ» ብዬ ዘጋሁት፤ አልደወልኩም። ወረቀቱ እስካሁን ረከቦቱ አጠገብ ነው ያለው። ዛሬ ጠዋት ሐጅያ ስኒያቸውን ያስቀመጡበት ሳሎኑ ላይ ስለሆነ ልክ መሐሉ ላይ ክብ የቡና ምልክት ወጥቶበታል፤ ባለቤቴ አይታ፣ ክብ ጠረጴዛ ቢገባበት እንደሚያምር ከወዲሁ ታየኝ ብላለች።