ውዳሴ ፖስታ

ባለፈው ሐሙስ ምሽት እኔ በምኖርበት የአሜሪካ ከተማ የጥቁሮች አብያተ ክርስቲያናት ፓስተሮች ለወራት ፊርማ ሲያሰባስቡበት የቆዩት ጉዳይ ለሕዝብ ውይይት ቀረበ። የሚጠይቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከደጃቸው ተነሥቶ የንግዱን ሰፈር አቋርጦ የሚያልፈው አውራ ጎዳና እንደ እነርሱ ፓስተር በነበረው በዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ ስም ይጠራ። እንዲህ ያለ ስብሰባ ላይ ተቀምጣችሁ የምታውቁ ሁሉ የመጀመሪያውን ተናጋሪ ንግግር ከእኔ ቀድማችሁ ትጨርሱታላችሁ፦ «እኛ ዶክተር ኪንግን እጅግ አድርገን እናከብራለን፤ ግን…»

ይህችን «ግን» ሳላመሰግን ባልፍ ውለታ ቢስ እባላለሁ። ሁለት ፊደል ሆና ሳለ ከፊቷ የተደረደረውን አክብሮት ሁሉ አንድም ሳታስቀር ተሸክማ ጓሮ የምትጥል ጉልበታም ናት። ከእርሷ በኋላ የቆሙት ሰው ደግሞ ከእርሷም የበለጠ ምስጋና ይገባቸዋል። በጎዳናው ላይ መደብር ያላቸው፣ አነጋገራቸው የታረመ፣ ፊታቸው በሐዘን የጠወለገ ሰው ናቸው። በእጃቸው አንድ ነጭ ፖስታ ይዘዋል፤ በግራ ማዕዘኑ የመደብራቸው አድራሻ በሰማያዊ ቀለም ታትሞበታል። ፖስታውን ከፍ አድርገው መጀመሪያ ለምክር ቤቱ አባላት፣ ቀጥለው ዞር ብለው ለእኛ አሳዩና «እንዲህ ያለ ገና ሁለት ካርቶን አለኝ» አሉ።

ሰው አገሩን፣ ልጁን፣ አልፎ አልፎም ሚስቱን ሲወድ አይቻለሁ፤ ፖስታ እንዲህ ሲወደድ ግን ያየሁት ያን ዕለት ነው። ከፖስታው በኋላ ቢዝነስ ካርዱ መጣ፤ ከካርዱ በኋላ ማኅተሙ፤ ከማኅተሙ በኋላ የደረሰኙ ጥራዝ፤ ከጥራዙ በኋላ ለደንበኞች በገና የሚታደለው እስክሪብቶ፤ ከእስክሪብቶውም በኋላ ፍሪጅ ላይ የሚለጠፈው ማግኔት። ለእያንዳንዳቸው ዋጋ ተነገረላቸው፣ ለእያንዳንዳቸው ተቃሰተላቸው። እኔም በልቤ ሰውየው ማታ መደብሩን ከዘጉ በኋላ ወደ ዕቃ ቤት ገብተው፣ መብራቱን ዝቅ አድርገው፣ ካርቶኖቹን እየደባበሱ «አይዟችሁ፣ እኔ እያለሁ ማንም አይነካችሁም» ሲሏቸው ታየኝ። ከሁለቱ ካርቶኖች አንዱ ገና እንዳልተከፈተ ራሳቸው ነግረውናል፤ ብርሃን እንኳ ያላዩ ፖስታዎች ናቸው ማለት ነው። የእነዚህን ደም ማን ይከፍላል? እኛ ቤት በድሮ ጊዜ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይባል ነበር፤ ሞኙን ትተን ወረቀቱን ብቻ ብንወስድ ለሰውየው ያማረ ምስክርነት ይሆናል። ይሁን እንጂ በዚያው ንግግራቸው መካከል የመደብራቸውን ስም ሁለት ጊዜ፣ ስልካቸውን ደግሞ አንድ ጊዜ እንደቀየሩ አጫወቱን። በእነዚያ ሦስት እልቂቶች ለወደቁት ፖስታዎች ሙሾ አልወረደም፤ ምክር ቤትም አልተጠራም። ፖስታም እንደ ሰው በሞት አይተካከል መሰለኝ።

አጠገቤ የተቀመጠው፣ በዚያው ጎዳና ላይ ትንሽ ሱቅ ያለው ያገሬ ልጅ በየመሐሉ ራሱን እየነቀነቀ «እውነቱን ነው ወንድሜ፤ እኛ ፖለቲካቸው ውስጥ ምን አገባን» አለኝ። ይህም ምስጋና ይገባዋል። በዘር ሐረግ ላይ ቆሞ የነበረውን የስደተኞች ኮታ የሻረው የ1965ቱ (እ.ኤ.አ.) ሕግ ኪንግ የቆመለት የጥቁሮች የመብት ትግል ዘመን ፍሬ ነው፤ እርሱ በዚያ በር ገብቶ፣ ሱቅ ከፍቶ፣ ፖስታ አሳትሞ፣ በሩን የከፈቱለትን ሰዎች አላውቃቸውም ለማለት የሚበቃ እርጋታ አለው።

የአማራጭ አቅራቢዎችም ነበሩ። አንዱ ከከተማው ዳር ያለውን፣ ከመጋዘን ጀርባ ተነሥቶ አጥር ላይ የሚያልቀውን ቅያስ በደግነት ለገሱ። ሌላዋ አሮጌው ስም እንዳለ ሆኖ የኪንግ ስም ከሥሩ በትንሽ ሰሌዳ ይንጠልጠል አሉ። ሁሉም ይወዱታል፤ ብቻ ከደጃቸው ራቅ ብሎ እንዲቆም ይፈልጋሉ።

ይህ ፍቅር ያገር ባህል መሆኑን ታሪክ ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በ1966 ኪንግ ጥቁሮች በፈለጉበት ሰፈር ቤት የመከራየትና የመግዛት መብት ይኑራቸው ብሎ ቺካጎ ላይ ሲሰለፍ በማርኬት ፓርክ በድንጋይ ተፈነከተ፤ በ1968 በተገደለ በወራት ውስጥ ያችው ከተማ አንድ ጎዳና ሰየመችለት፤ ያውም ጥቁሮች በሚኖሩበት በደቡቡ ክፍል። የሳን ዲዬጎ ሕዝብ በ1986 ለአንድ ጎዳና የተሰጠውን የኪንግን ስም በዓመቱ በድምፅ ሻረው። በካንሳስ ሲቲ ደግሞ ፓስተሮቹ ብዙ ደክመው በጥር 2019 ዘ ፓሴዮ የተባለውን ጎዳና አሰየሙ፤ ስሙ ይነሣ አይነሣ የሚለው የሕዝብ ድምፅ ሊሰጥ ሁለት ቀን ሲቀረው ተቃዋሚዎች ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በተደረገው የድጋፍ ስብሰባ ላይ ገብተው በዝምታ ቆሙ፤ በኅዳርም 70 በመቶ ያህሉ መራጭ ስሙን አወረደው። ለሐቁ ያህል፣ እዚያ ምክር ቤቱ የ75 በመቶ ባለንብረቶችን ስምምነት የሚጠይቀውን ደንብ ዘልሎ ነበርና ቅሬታው ሁሉ ፖስታ ወለድ አልነበረም። የቻታኑጋ ሰልፈኞች ግን በ1981 ጥያቄያቸው ሲገፋ መሰላል ተሸክመው ወጥተው በዘጠነኛው ጎዳና ሰሌዳዎች ላይ የኪንግን ስም የያዘ ተለጣፊ ለጠፉ። እነርሱም ወረቀት ነበራቸው።

ሽሙጡን ለአፍታ ልተወው። ሁለት የሜምፊስ ጽዳት ሠራተኞች ከዝናብ ሊጠለሉ ቆሻሻ መኪናው ውስጥ ገብተው በመጭመቂያው ተፈጭተው ሞቱ፤ 1,300 ያህል ባልደረቦቻቸው «እኔ ሰው ነኝ» የሚል ጽሑፍ ደረታቸው ላይ አንጠልጥለው አደባባይ ወጡ፤ ኪንግ ከእነርሱ ጋር ሊቆም ሄዶ ኤፕሪል 4 ቀን 1968 በማረፊያው በረንዳ ላይ በጥይት ወደቀ። ከዚያ በፊት የሞንትጎመሪ ጥቁሮች፣ ሰው ቤት የሚያጸዱ እናቶች ሳይቀሩ፣ አውቶቡሱን ትተው 381 ቀን በእግራቸው ሄደዋል። እናንተ አንድ መስመር አድራሻ መቀየር ታክቷችሁ የእነዚህን ሰዎች ልጆች በየወሩ ማታ ማታ እያስጠራችሁ፣ አባቶቻቸው ከአንድ ካርቶን ወረቀት ይበልጡ እንደሆነ ታስመሰክራላችሁ! አታፍሩም?

ወደ ምስጋናው ልመለስ። ምክር ቤቱ ሦስት ሰዓት ሙሉ በትዕግሥት ካዳመጠ በኋላ ጉዳዩ ተጨማሪ ጥናት ስለሚያስፈልገው ለሚቀጥለው ወር ቀጠረው፤ ማሳሰቢያውም ለየነዋሪው በፖስታ እንደሚላክ ሰብሳቢው አስታወቁ። ባለመደብሩ ወደ በሩ ሲያመሩ ሁለት ሦስት ሰዎች እጃቸውን ጨበጧቸው። ያን ያህል ያለቀሱለትን ፖስታ ወንበሩ ላይ ረስተውት ኖሯል። ከፓስተሮቹ ጋር የመጡ፣ ነጭ ባርኔጣ ያደረጉ አንዲት አሮጊት አነሡት፤ ገለበጡት፤ ከቦርሳቸው እስክሪብቶ አወጡና በጀርባው ላይ የቀጠሮውን ቀን ጻፉበት።