የወስፋት እንቁላል መሞቱን ማን አየ?

ሰሞኑን ድሬዳዋ ውስጥ በተደረገ አንድ ስብሰባ ላይ የሰማሁት ንግግር አንጀቴን አሳርሮታል። በፍሳሽ ውሃ ስለሚለማ አትክልት ሲወራ አንድ ኃላፊ ተነሱና «የወስፋት እንቁላል ቢኖርም የድሬ ፀሐይ ይገድለዋል። ለምርመራ አራት ሳምንት መጠበቅ ጊዜ ማባከን ነው» አሉ። ተጨበጨበላቸው!

ፀሐይ አሉ እንዴ? በላብራቶሪ እንቁላሉ ሕይወት እንዳለው የሚታወቀው እኮ በ28 ዲግሪ አካባቢ ለ3 ወይም ለ4 ሳምንት እንዲሞቅ ተደርጎ ነው። ሙቀት ያሳድገዋል። ቶሎ የሚገድለው ከ60 ዲግሪ በላይ ሲሆን ነው፤ የድሬ አየር ምንም ቢያቃጥል እዚያ አይደርስም። ደረቅ መሬት ላይ ተጋልጦ የቀረውን ፀሐይ ሊጎዳው ይችላል፣ ይሁን። ሰላጣ ግን ደረቅ መሬት ላይ አይበቅልም። ሥሩ እርጥብ ነው፣ ከቅጠሉ ሥር ጥላ ነው። ለወስፋት ከዚህ የተመቸ ቦታ የት ይገኛል?

ክሎሪን ጨምረናል የሚሉም አሉ። ክሎሪን ባክቴሪያ ይገድላል፣ የወስፋት እንቁላልን ወፍራም ቅርፊት ግን አይበግረውም።

አራተኛ ሳምንቱን የያዘ ናሙና በማይክሮስኮፕ አይቻለሁ። ቡናማው ቅርፊት ውስጥ ጨቅላው ትል እንደ ገመድ ተጠቅልሏል። የመብራቱ ሙቀት ሲደርሰው ቀስ ብሎ ተገላበጠ። አጠገቡ ያለው እንቁላል ምንም አላደገም፣ ሞቷል። በመጀመሪያው ቀን ግን ሁለቱን ማንም አይለያቸውም ነበር። እንግዲህ ኃላፊው ከመድረክ ላይ ሆነው በምን ለዩዋቸው? አራቱ ሳምንት የሚጠበቀው ለዚህ ነው። ያልጠበቀ ሰው «ሞቷል» ማለት አይችልም፣ በቃ።

የዓለም ጤና ድርጅት በጥሬው ለሚበላ አትክልት መስኖ የፈቀደው በ1 ሊትር ውሃ ከ1 እንቁላል ያልበለጠ ነው። አንዲት ሴት ወስፋት ደግሞ በቀን እስከ 200,000 እንቁላል ትጥላለች። ከከተማው ዳር አንድ ልጅ የነቀለውን ሰላጣ በዚያው በቦዩ ውሃ አለቅልቆ የማዳበሪያ ጆንያ ላይ ሲደረድር ቆሜ አይቻለሁ። ገበያ ሊወስደው ነው። በትምህርት ቤት ለልጆቻችን የወስፋት ኪኒን እናድላለን፣ ማታ በሰላጣ መልሰን እናጎርሳቸዋለን።

ሞቷል የሚሉ ኃላፊ ናሙናውን ያስቀምጡና በአራተኛው ሳምንት ያሳዩን። እስከዚያ ያ ውሃ ሰላጣ ላይ አይፍሰስ።