ከፊቴ ያለችው ባዶ ቦታ

ስነዳ ከፊቴ ካለው መኪና ትንሽ ራቅ ማለት እወዳለሁ። ይህ ልማዴ ግን ብዙ ሰው አስቀይሞብኛል። ከኋላዬ ያለው ክላክሱን ያንባርቃል። ከጎኔ ያለው ደግሞ ቦታዋን አየት ያደርግና ባለቤት የላትም ብሎ ሰተት ይላል። እኔ ለእሱም ቦታ ልተውለት ፍጥነት እቀንሳለሁ። ያቺንም ሌላው ይገባባታል። አንዳንዴ እየነዳሁ ወደ ኋላ የምሄድ ይመስለኛል።

በቀደም አንድ ወዳጄ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። ለአስር ደቂቃ ያህል ታገሰኝ። ከዚያ አልቻለም።

"ተጣልታችኋል እንዴ?"

"ከማን ጋር?"

"ከፊትህ ካለው መኪና ጋር ነዋ! ምነው እንዲህ ራቅከው?"

የሁለት ሰከንድ ርቀት መሆኑን ነገርኩት። የፊተኛው መኪና አንድ ምሰሶ ሲያልፍ "አንድ ሺህ አንድ፣ አንድ ሺህ ሁለት" እያልክ ትቆጥራለህ። ሳትጨርስ ምሰሶው ጋ ከደረስክ ተጠግተሃል ማለት ነው። መንገዱ በዝናብ ከራሰ ሁለቱን አራት ታደርገዋለህ። ወዳጄ በጥሞና ሰማኝና፣ "እየነዳህ ነው ወይስ ገንዘብ እየቆጠርክ?" አለኝ።

የእሱ መተማመኛ ፍሬኑ ነው። "የኔ መኪና ፍሬን እንደሆነ ቀጥ ነው የሚያደርገው" ይላል። ፍሬኑንማ ማን ጠረጠረው? የጠረጠርኩት እግሩን ነው። በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንዲት ሰከንድ 25 ሜትር ይጓዛል። ዓይን ቀዩን መብራት እስኪያይ፣ ጭንቅላት ነገሩ እስኪገባው፣ እግርም ከነዳጅ ተነስቶ ፍሬን እስኪረግጥ ያቺ ሰከንድ ታልቃለች። ወዳጄ ደግሞ ስልኩንም ያያል። የሱ እግር ዜናውን የሚሰማው ከሁሉም በኋላ ነው።

ፍጥነትህን እጥፍ ብታደርግ ፍሬን ከያዝክ በኋላ የምትንሸራተተው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል ብዬ ብነግረውማ ሳቀብኝ። "እጥፍ ሲሆን እጥፍ ነው እንጂ! ሂሳብ አታበላሽ።"

ይህን ስንጨቃጨቅ አንዱ ከኋላዬ ተለጠፈ። በመስታወቱ ሳየው ጥርሱን መቁጠር እችል ነበር። እሱም የሰሌዳ ቁጥሬን በቃሉ ሳይዘው አይቀርም። እንዲህ ያለ ሰው ሲገጥም መፍትሔው እሱን እያዩ ፍሬን መምታት አይደለም። ከፊት ያለውን ክፍተት ይበልጥ ማስፋት ነው፣ ፍሬን ድንገት መርገጥ እንዳይመጣ። አሰፋሁት። ሰውዬው በረዥም መብራት ሰደበኝ።

የሚያተርፈውን ደግሞ አስሉት። 30 ኪሎ ሜትር በ90 ፋንታ በ100 ቢነዳ ሁለት ደቂቃ ቀድሞ ይደርሳል። ደርሶም መኪናው ውስጥ ቁጭ ብሎ ሩብ ሰዓት ስልክ ያወራል።

እ.ኤ.አ. በ2008 ውጤቱ በታተመ አንድ ሙከራ የጃፓን ተመራማሪዎች 22 መኪኖችን 230 ሜትር በሆነ ክብ መንገድ ላይ አዞሩ። ሹፌሮቹ የተነገራቸው ከፊታቸው ያለውን መኪና በደህና እየተከተሉ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንዲነዱ ነው። ብዙም ሳይቆይ መንገዱ ተዘጋጋ። አደጋ የለ፣ መብራት የለ። የፊተኛው ትንሽ ሲቀንስ፣ ተከታዩ ከእሱ ትንሽ አብልጦ ሲቀንስ፣ መጨረሻ ላይ ያለው ቀጥ ብሎ ይቆማል። እንግዲህ በየጠዋቱ "ምን ተፈጥሮ ነው መንገዱ የተዘጋው?" የምንለው እኛው ተፈጥረን ነው።

ስንመለስ ወዳጄ ነዳ። ገና ከመነሳታችን ከፊታችን ያለው መኪና ላይ ተለጠፈ። ቀኝ እግሬ የሌለ ፍሬን ፍለጋ ወለሉን ይረግጣል። ከንፈሬም ይንቀሳቀሳል።

"ምን እያልክ ነው?"

"እየቆጠርኩ ነው።"

"ስንት ደረስክ?"

"'አንድ ሺህ' ብዬ 'አንድ' ሳልል ምሰሶውን አለፍነው።"

"አየህ?" አለኝ ደስ ብሎት፣ "ከቆጠራም ገላገልኩህ።"