«እኔ ካልፈረምኩ ፍቺ የለም»

ጎረቤቴ ይህን ቃል ከባሏ አፍ ሁለት ዓመት ሙሉ ስትሰማ ኖረች። እውነትም መስሏት ነበር። የፍቺ ስምምነቱን ወረቀት ቦርሳዋ ውስጥ ይዛ ትዞራለች። ከሱ ስም ፊት ለፊት ያለው ቦታ ባዶ ነው። ወረቀቱ ከመታጠፍ ብዛት መሃሉ ሊቀደድ ደርሷል። «ያልላክሁበት ሽማግሌ የለም፤ አልፈርምም አለ» አለችኝ።

ፍቺ የግድ የሁለት ሰው ፊርማ ይፈልጋል ብሎ የሚያምን ሰው ብዙ ነው። አይፈልግም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ሁለት መንገድ አስቀምጧል። አንዱ በስምምነት መፋታት ነው፤ እዚያ የሁለቱም ፈቃድ ያስፈልጋል። ሌላው ባል ወይም ሚስት ብቻውን ለፍርድ ቤት የሚያቀርበው የፍቺ ጥያቄ ነው። ለዚህኛው የማንም ፈቃድ አይጠበቅም። የትዳር ጓደኛን ጥፋተኛ አድርጎ ማሳየትም ግዴታ አይደለም። (ክልሎች የራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ ማውጣት ይችላሉ። እኔ የማወራው አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ ስለሚሠራው ነው።)

በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ፍቺን የሚወስኑት የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ነበሩ። ዛሬ ሽማግሌ ያስታርቃል እንጂ አያፋታም። ማፋታት የዳኛ ሥራ ነው። ዳኛው መጀመሪያ ሁለቱን ያነጋግራል፣ ታረቁ ይላል። ከሦስት ወር ያልበለጠ የማሰቢያ ጊዜም ሊሰጥ ይችላል። እርቁ ካልሆነ ግን በአንድ ወር ውስጥ ፍቺውን መወሰን አለበት።

መጥሪያ አልቀበልም ቢልስ? ይህም የተለመደ ነው። የጎረቤቴ ባል ጫማው በረንዳ ላይ እያለ ዘበኛው «ጋሼ የሉም» ብሎ መልሷታል። እንቢታው በምስክር ከተረጋገጠ መጥሪያው በሩ ላይ ሊለጠፍ ይችላል። አድራሻው ከጠፋም በጋዜጣ ሊጠራ ይችላል። ያኔም ካልቀረበ ጉዳዩ በሌለበት ይታያል። የምትጠፋው ሚስት ብትሆንም እንደዚያው ነው።

ስለዚህ እንቢታ ትዳሩን አያቆየውም። ጊዜ ግን ይገዛል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ቀጠሮ በቀጠሮ ላይ ሲደራረብ የልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ አይጠብቅም። የቤት ኪራይም አይጠብቅም። በዚህ መሃል እሱ መኪናውን ይሸጣል፣ ባንክ ያለውን ብር ያወጣል። ፍቺው ሲወሰን የሚካፈሉት ነገር አይኖርም።

ሕጉ ይህን አስቦበታል። አንቀጽ 82 ጥያቄው እንደቀረበ ፍርድ ቤቱ ስለ ቀለብ፣ ስለ ልጆቹ አስተዳደግና ስለ ንብረቱ አስተዳደር ወዲያውኑ ተገቢውን ትእዛዝ እንዲሰጥ ያዛል። ወዲያውኑ ነው የሚለው። ጠበቃ የሌላት ሴት ይህን ከየት ታውቃለች? ዳኞቻችን ጠያቂ ሳይጠብቁ በመጀመሪያው ቀን ራሳቸው ቢያነሱት እላለሁ። «ልጆቹ ዛሬ በምን እየኖሩ ነው?» ብሎ መጠየቅ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ንብረቱ በሱ ስም ነው ብላችሁ የተዋችሁም አትተዉ። በትዳር ውስጥ የተፈራ ንብረት በአንዱ ስም ቢመዘገብም፣ የግሌ ነው የሚለው ወገን እስካላስረዳ ድረስ የጋራ ነው። እንዳይሸጥ እግድ መጠየቅ ይቻላል። ለጠበቃ የሚከፈል ከሌለ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለሴቶች በነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል።

ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ አቤቱታዋን ስታስጽፍ አብሬያት ነበርኩ። የሚጽፍላት ልጅ «ፍቺ ብቻ ነው የምትጠይቂው?» አላት። ዞር ብላ አየችኝ። ከዚያ «አይደለም» አለች። «የልጆቹን ቀለብ ጻፍልኝ። መኪናው እንዳይሸጥም ጻፍ።» ያን ያልተፈረመ ወረቀት ከቦርሳዋ አላወጣችውም።