ቁልፍ የሌለው ሳጥን

ጎንደር ውስጥ በአዳሪነት አብረው የተማሩ ጓደኛሞች ከአርባ ዓመት በኋላ ተገናኙ የሚለውን ጽሑፍ አንብቤ ዝም ማለት አቃተኝ። እኔም የዚያው ከተማ አዳሪ ነበርኩ።

ጸሐፊው ስለ ትምህርቱ ብዙ ብሏል። ስለ በሶ ግን አንድም ቃል የለም! አዳሪ ያለ በሶ ይታሰባል እንዴ? የደባርቁም፣ የደምቢያውም፣ የጭልጋውም ልጅ እናቱ የቋጠረችለትን ይዞ ነበር የሚመጣው። የእኔ የእንጨት ሳጥን ቁልፍ የጠፋ ቀን በሶዬ የዶርሙ ሁሉ ሆነ። ማታ መብራት ከጠፋ በኋላ በጣሳ እየበጠበጥን፣ ሳቃችንን በብርድ ልብስ አፍነን እንጠጣለን። ተረኛው መምህር በመስኮት ባትሪ ሲያበራ ሁላችንም እናንኮራፋለን። አፋችን ዙሪያ ግን በሶ በበሶ ነው።

ጥምቀት ደግሞ ሌላ ነው። ከቀሃ ወንዝ የተጠለፈው ውኃ የአፄ ፋሲለደስን መዋኛ እስኪሞላ እየተመላለስን እናይ ነበር። ጥር 11 ማለዳ ውኃው ሲባረክ እኛ ልብሳችንን አውልቀን ጨርሰናል። አንድ ዓመት ዘልዬ ስወጣ ሸሚዜ የለም። በዚያ ግርግር ማን ይፈልገዋል? ጓደኛዬ ሹራቡን አልብሶኝ፣ እሱ በካኔቴራ እየተንቀጠቀጠ ተመለሰ።

ዛሬ የልጄ የክርስትና አባት ነው። ሲደውልልኝ “እንዴት ነህ” የለም፤ “ሹራቤን መልስ!” ነው የሚለኝ።